ሕገ መንግሥቱ ያልጻፈው ቃል

ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጠጋ ብሎኝ፣ «ጋሼ፣ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት የተነሳው በባርነት ነው ወይስ በሰሜንና በደቡብ ልዩነት? እዚህ አንድ ይላሉ፣ እዚያ ሌላ ይላሉ» አለኝ። ሰው ከቦን ስለነበር አጥጋቢ መልስ አልሰጠሁትም። ይህን የምጽፈው ለእሱም ለእናንተም ነው።

የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ሃያ ስድስት ዓመት በቨርጂኒያ ፍርድ ቤቶች በአማርኛ አስተርጓሚነት ሠርቻለሁ። እንጀራዬ ቃል ነው። ወደዚህ ታሪክም የገባሁት በቃል በኩል ነው።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ የሀገሬ ሰው ችሎት ፊት «ደበደብኳት» አለ። ይሉኝታ ያዘኝና «ገፋ አደረግኳት» ብዬ ተረጎምኩለት። አብራኝ የተመደበችው ነባር አስተርጓሚ ወዲያው እጇን አነሳች። ዳኛው ወደ እኔ ዞር ብለው «ሰውየው ያለውን ብቻ ይንገሩን» አሉኝ። የተደበደበችው ሴት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበር። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም። ያን ማታ እራት አልበላሁም።

ከዓመታት በኋላ በ1787 እ.ኤ.አ. የተረቀቀውን የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በጥሞና ሳነብ ያ ቀን ትዝ አለኝ። «ባሪያ» የሚል ቃል የለበትም። ነገሩ ግን ቁልጭ ብሎ አለ። ለምክር ቤት ወንበር ሕዝብ ሲቆጠር «የሌሎች ሰዎች ሁሉ ሦስት አምስተኛ» ይደመራል ይላል። ሌሎች ሰዎች እነማን ናቸው? ባሪያ የተደረጉት ናቸው። ድምፅ አይሰጡም፤ ቁጥራቸው ግን የጌቶቻቸውን ወንበር ያበዛል። ጠፍቶ የሄደ ባሪያ ደግሞ «ለአገልግሎት ወይም ለሥራ የተያዘ ሰው» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከአርቃቂዎቹ አንዱ ጄምስ ማዲሰን በአርቃቂው ጉባኤ ላይ፣ ሰው የሰው ንብረት ሊሆን ይችላል የሚለውን ሐሳብ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ማስገባት ስህተት ነው ብሎ ተናግሯል። እሱ ራሱ ባሪያዎች ነበሩት። ቃሉን አስወጡት፤ ሰዎቹን ግን አልለቀቋቸውም።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ከዚህ የተወለደ ነው። በ1793 የጥጥ መዳመጫ ማሽን ተፈለሰፈ። ጥጥ ወርቅ ሆነ፣ የሚለቅመው ሰውም ዋጋው ወጣ። ምዕራቡ አገር በተከፈተ ቁጥር «ይህ አዲስ ግዛት ባርነት ይኑረው ወይስ አይኑረው?» የሚለው ጭቅጭቅ ይነሳል። በ1820 ሚዙሪን ከነባርነቷ፣ ሜይንን ነፃ አድርገው አስገቡና በካርታ ላይ መስመር አሰመሩ፤ ከሚዙሪ በቀር ከመስመሩ በስተሰሜን ባርነት አይኖርም ተባለ። ከ1836 እስከ 1844 የተወካዮች ምክር ቤት ስለ ባርነት የሚቀርብ አቤቱታ እንዳይታይ በደንብ ከልክሎ ነበር። ዝም በሉ መባሉ ነው።

በ1850 ሌላ ስምምነት ተደረገ። ካሊፎርኒያ ነፃ ሆና ገባች፤ ደቡቦች በምትኩ ጠንካራ የኮብላይ ባሪያ ሕግ አገኙ። የፍርድ ቤት ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ይህ ሕግ ነው። ተይዞ የቀረበው ሰው የራሱን ቃል እንዲሰጥ አይፈቀድለትም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚሽነር ሰውየውን ለጌታው ከመለሰ 10 ዶላር ይከፈለዋል፤ በነፃ ካሰናበተው 5 ዶላር። እስቲ አስቡት። ዕድሜዬን ሙሉ የቆምኩት ሰው በገዛ ቋንቋው ቃሉን እንዲሰጥ ነው። እዚያ ችሎት አስተርጓሚም አያስፈልግም ነበር።

የተማሪው ጥያቄ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ጦርነቱ ስለ ግዛቶች መብት ነው፤ ማዕከሉ በየግዛቱ ጉዳይ እጁን እንዳያስገባ ነው» ሲል ትሰማላችሁ። ይህ ሕግ ግን የፌዴራሉን ክንድ ወደ ሰሜን ግዛቶች አስገብቶ፣ የማይፈልጉትን አሠራ። ይህን የጠየቁት ደቡቦቹ ናቸው። የሰሜን ግዛቶች በራሳቸው ሕግ ሊከላከሉ ሲሞክሩ አቤት ያሉትም እነሱው ናቸው። በርግጥ ሌላ ልዩነትም ነበረ። ሰሜን ፋብሪካ፣ ደቡብ እርሻ። በ1832 ደቡብ ካሮላይና በቀረጥ የተነሳ ከማዕከሉ ጋር ጦር ሊማዘዝ ደርሶ ነበር። ግን ቀረጡን ቀነሱና በረደ። ቀረጥ ይቀነሳል። ሰውን በግማሽ ነፃ ማውጣት ግን አይቻልም።

በ1854 የሚዙሪው መስመር ተሻረ፤ ካንሳስ ላይ ሁለቱ ወገኖች ይገዳደሉ ጀመር። በሜይ 1856 ሴናተር ቻርልስ ሰምነር ባርነትን በመቃወም ባደረገው ንግግር የተናደደ የደቡብ ካሮላይና ተወካይ፣ ፕሬስተን ብሩክስ፣ ሴኔት አዳራሽ ድረስ ገባ። ሰምነር ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል። ብሩክስ ዱላው እስኪሰበር ድረስ ጭንቅላቱን ቀጠቀጠው። ከዚያ በኋላ የሆነው ይብሳል። ከደቡብ አዲስ ዱላ በስጦታ ይጎርፍለት ጀመር። ቤተ ክርስቲያኑም ቢሆን ቀድሞ ተሰንጥቋል፤ ሜቶዲስቶች በ1844፣ ባፕቲስቶች በ1845፣ በዚሁ በባርነት ጉዳይ። በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ነፃነቱን ለማግኘት በከሰሰው ባሪያ በድሬድ ስኮት ጉዳይ፣ ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ ፈረደ። ሊንከን በ1860 ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ ቃል የገባው ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዳይስፋፋ ብቻ ነው። እሱም ለደቡቦቹ አልተዋጠላቸውም።

ሲገነጠሉ ምን ብለው ጻፉ? አሁን ቃሉን አልደበቁትም። ሚሲሲፒ በ1861 መጀመሪያ ባወጣችው መግለጫ «አቋማችን ከባርነት ተቋም ጋር ፈጽሞ የተሳሰረ ነው» አለች። የተገነጠሉት ግዛቶች ያቋቋሙት መንግሥት፣ የኮንፌዴሬሽኑ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ በማርች 1861 ሳቫና ላይ፣ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አይደለም የሚለው ነው ብሎ ተናገረ። በኤፕሪል የፌዴራሉ ጦር ምሽግ በሆነው በፎርት ሰምተር ላይ ተኮሱ፤ ጦርነቱም ተጀመረ። ከ6 መቶ ሺህ በላይ ሰው አለቀ። ከሽንፈቱ በኋላ ያው ስቲቨንስ፣ ጠቡ የፌዴራልና የግዛት ሥልጣን ጉዳይ ነበር ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። «ደበደብኳት» ያለው ሰው «ገፋ አደረግኳት» አለ ማለት ነው።

አሌክሳንድሪያ የምትኖሩ ልጆች፣ ዱክ ስትሪት 1315 ቁጥር ላይ ያለችውን ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አልፋችኋት ታውቃላችሁ። እኔም ለዓመታት ወደ ሥራ ስሄድ አልፌያታለሁ። ከ1828 ጀምሮ የባሪያ ነጋዴዎች ቤት ነበረች፤ ዛሬ ሙዚየም ናት። በጦርነቱ ጊዜ የተነሳ ፎቶ አለ። ግድግዳው ላይ በትልቁ «ባሪያ ነጋዴዎች» የሚል ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱ ያፈረበትን ቃል ነጋዴው በቀለም ጽፎ ሰቅሎታል። ፎቶው ፊት ብዙ ቆምኩ። የራሳችንም ነገር መጣብኝ። እኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተከለከለው በእኛ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. ነው። ቃሉ ግን እስከ ዛሬ ስድብ ሆኖ ከአፋችን ሲወጣ እሰማለሁ፤ እዚሁ ቨርጂኒያ፣ በእናንተ ዕድሜ ካሉ ልጆች አፍ ጭምር። ያሳምመኛል።

«ባርነት» የሚለው ቃል አሜሪካ ሕገ መንግሥት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈው በ1865 ነው፤ በ13ኛው ማሻሻያ፣ ባርነትን በሚሽረው ዓረፍተ ነገር ውስጥ።

ለጠየቅከኝ ልጅ፦ ደቡብ ካሮላይና በዲሴምበር 1860 ለምን እንደተገነጠለች ያወጣችው መግለጫ አጭር ነው፤ አንድ ማታ ይበቃዋል። ስታነበው እርሳስ ያዝ። ስለ ባርነትና ስለ ኮብላይ ባሪያ የሚያወራውን ሁሉ አስምርበት፤ ስለ ቀረጥ የሚያወራ ካገኘህም እንደዚሁ። እሁድ ይዘኸው ና፣ አብረን እንቆጥራለን።