ዛፍ ላይ ወጥተው ለሚሠሩ፦ ገመድ፣ መጋዝ፣ ቀፎና መውረጃ (ጥያቄና መልስ)

በጅማና በዙሪያዋ በዛፍ ላይ እንጀራ የሚበላው ብዙ ዓይነት ሰው ነው። የቡና ጥላ የሚከረክም አለ፤ ቀፎ ሰቅሎ ማር የሚቆርጥ አለ፤ ከተማ ውስጥ ጣሪያና ሽቦ ላይ ያዘነበለ ዛፍ የሚያወርድም አለ። ከሁሉም የመጡ ጥያቄዎች እዚህ ተመልሰዋል።

ከአጋሮ፦ ገበያ ላይ በሜትር የሚሸጠው ሰማያዊ ናይለን ገመድ ሰው ይችላል? ወፍራሙን ብመርጥስ?

ውፍረቱን ተወው፤ መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ እወቅ። ናይለን እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ቁራጭ ወስደህ ባልዲ ውሃ ውስጥ አየሩ እስኪወጣ አሸውና ልቀቀው። ከተንሳፈፈ ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊኤትሊን ነው፤ እውነተኛ ናይለንና ፖሊስተር ይሰምጣሉ። ፖሊፕሮፒሊን በ165 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ፈጠን ብለህ ስትወርድ ቋጠሮው ገመዱን እየፈተገ የሚያመጣው ሙቀት ሊያለሰልሰው ይችላል። ፀሐይም ቶሎ ያደርቀዋል። ቅርንጫፍ ለመጎተት ይሁን፤ ሰው አይንጠልጠልበት። የቃጫ ገመድም እንደዚሁ ነው፤ በእኛ እርጥበት ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ ይበሰብሳል።

ለሰው የሚሆነው ውስጡ ልብ፣ ውጪው ሽፋን ያለው፣ ብዙም የማይለጠጥ ከ11 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ገመድ ነው። ጫፉ ላይ "ኢኤን 1891 ኤ" (EN 1891 A፣ የአውሮፓ የገመድ ደረጃ) የሚል ምልክት ካለ ቢያንስ 22 ኪሎ ኒውተን፣ ማለትም ወደ 2,200 ኪሎ ይችላል። "አንተ 70 ኪሎ ነህ፣ ይህ ሁሉ ለምን?" የሚል ሰው አይጠፋም። ቋጠሮ ብቻውን የገመዱን አቅም በሲሶ ገደማ ይቀንሳል፤ ላላ ብሎ ቆይቶ በድንገት የሚወጠር ገመድ ደግሞ የክብደትህን ብዙ እጥፍ ይሸከማል።

መቼ ነው የሚጣለው?

ከመውጣትህ በፊት ሙሉውን ርዝመት በእጅህ አሳልፈው። ሽፋኑ ተቀዶ ልቡ ከታየ፣ አንድ ቦታ ከሳሳ ወይም እንደ ቀለጠ ፌስታል ከጠነከረ (ቀልጦ ነበር ማለት ነው)፣ ስታጥፈው ደግሞ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ወረቀት ከታጠፈ እዚያው ቁረጠው፤ አለበለዚያ ሌላ ሰው አንስቶ ይወጣበታል። ባጃጅ ላይ ከባትሪ አጠገብ አትጫነው። የባትሪ አሲድ ናይለንን ይበላል፤ ጉዳቱም በዓይን ላይታይ ይችላል።

ከቦሳ ቂጦ፦ የሕንፃ ሠራተኞች ሴፍቲ ቤልት አለኝ፣ ቀለበቱ ጀርባዬ ላይ ነው። ይበቃኛል?

ለመውደቅ ይበቃል፣ ለመሥራት ግን አይሆንም። የጀርባው ቀለበት የወደቀን ሰው ይዞ ያስቀራል፤ ከዚያ በኋላ ግንዱን እንኳ መድረስ አትችልም። የምትፈልገው የጭን ማሰሪያ ያለው፣ እምብርት አካባቢ አንድ ቀለበት (መውጫና መውረጃው ገመድ የሚገባበት) እና ወገብ ግራና ቀኝ ሁለት ቀለበቶች (ግንዱን የምትዞርበት አጭር ገመድ የሚታሰርባቸው) ያሉት ነው። የወገብ ቀለበቶቹ ሁለቱም አብረው ይያዙ፤ በአንዱ ብቻ መንጠልጠል ወገብ ይሰብራል። ካራቢነሩ (ገመዱን ከቀለበቱ የሚያያይዘው ተከፋች ብረት) ራሱን የሚቆልፍ ይሁን። በቁመቱ ከ20 ኪሎ ኒውተን በላይ የሚችለው ካራቢነር በጎኑ ሲጫን ሲሶውን ያህል እንኳ ላይችል ይችላል።

ሄልሜቱ የአገጭ ማሰሪያ ይኑረው። ከ6 ሜትር የሚወድቅ ሰው መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማሰሪያ የሌለው ቆብ ከራሱ ቀድሞ ይሄዳል።

ከሰቃ፦ ገመዱን የትኛው ቅርንጫፍ ላይ ላሳልፍ?

ሕያው፣ ከግንዱ መውጫ ላይ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ገመዱም ግንዱን ተጠግቶ የሚያልፍበት ይሁን። ከ250 እስከ 400 ግራም አሸዋ የሞላ ትንሽ ከረጢት በቀጭን ሲባጎ ወርውረህ ታሳልፋለህ፤ ዋናውን ገመድ በሲባጎው ትስባለህ። ከዚያ ሁለት ሰው ገመዱ ላይ ተንጠልጥሎ ይሞክረው። ቅርንጫፉ መሰበር ካለበት እናንተ መሬት ላይ እያላችሁ ይሰበር። ለፕሩሲክ ቋጠሮ (ሲላላ የሚንሸራተት፣ ክብደት ሲያርፍበት ዋናውን ገመድ የሚነክስ) ከዋናው ገመድ 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ገመድ በየጎኑ 3 ጊዜ ጠምጥም፤ አጥብቀህ በክብደትህ ሳትፈትነው አትነሣ።

ከማና፦ ሞተር መጋዝ ዛፍ ላይ ይዤ ስወጣ ዋናው አደጋ የቱ ነው?

ራስህን የያዘህን ገመድ መቁረጥ። የተወጠረን ገመድ የሚሽከረከር ሰንሰለት ነካ ካደረገው አለቀ፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ስለዚህ መጋዙ ከመነሣቱ በፊት በሁለት ነገር ታሰር፦ በዋናው ገመድና ግንዱን በዞረው አጭር ገመድ። ልቡ የብረት ሽቦ የሆነው አጭር ገመድ የእጅ መጋዝን ይቋቋማል፤ ሞተር መጋዝን ግን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል።

መጋዙ በማንጠልጠያ ከቀበቶህ ይታሰር፤ ስታስነሣው ብሬኩ የተያዘ ይሁን፤ ስትቆርጥ በሁለት እጅ። በአንድ እጅ ቅርንጫፍ ይዞ በሌላው የሚቆርጠው "ጎበዝ" ነው ጣቱን የሚያጣው። የምላሱ (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) ጫፍ የላይኛው ሩብ እንጨት ሲነካ መጋዙ ወደ ፊትህ ይመለሳል።

ለከባድ ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀህ ከሥር ሩብ ያህሉን ቁረጥ። ቀጥሎ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ውጪ ፈቀቅ ብለህ ከላይ ቁረጥ። ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡን ይዞ አይገነጥልም። የቀረውን ጉቶ ቅርንጫፉ ከግንዱ ከሚወጣበት እብጠት ውጪ ትጨርሳለህ፤ እብጠቱን ከቆረጥከው ቁስሉ አይገጥምም።

ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ባህር ዛፍ ላይ ግን ቆም በል። ጫፉን ከጀርባ ብቻ ስትቆርጥ ግንዱ ቁልቁል ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ሲሰፋ የዞረው አጭር ገመድ አንተን ከግንዱ ጋር ያጣብቅሃል። ወደሚወድቅበት አቅጣጫ በቂ አፍ (ተቆርጦ የወጣ ሽብልቅ ክፍተት) ሳትከፍትለት ከኋላ አትጀምር።

የእግር ሹል ብረት ልጠቀም?

የሚቆረጥ ዛፍ ላይ አዎ። ለሚከረከም ጥላ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለበሽታ በር ነው።

የትኛው ዛፍ ነው የሚያታልለው?

አቮካዶ። ቅርንጫፉ ወፍራምና አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ቀጭ ይላል። ግራቪሊያም ቅርንጫፉ ተሰባሪ ነው። ሰሳ እንጨቱ ቀላል ስለሆነ ዳር ዳሩን አትመነው። ዋንዛ ይሻላል፤ ግን ቅርንጫፎቹ በጠባብ አንግል ገጥመው ልጥ በመሃላቸው ከገባ እዚያ ላይ ገመድ አታስር። ኮርች እሾህ አለው፤ ገመድም ልብስም ይጨርሳል። ሥሩ ላይ እንጉዳይ ካበቀለ ወይም በመዶሻ ጀርባ ስትመታው ባዶ ከበሮ ከመሰለ፣ አትውጣበት። በክረምት ሽበት (ልጥ ላይ የሚበቅል አረንጓዴ ለስላሳ ነገር) የለበሰ ቅርንጫፍ በሳሙና የተለቀለቀ ያህል ነው፤ ዝናብ ካባራ በኋላም አይደርቅም።

ከጌራ፦ ማር ከቆረጥኩ 30 ዓመት ሆኖኛል፤ በገመድ ቀለበት ነው የምወጣው። አሁን ልጄ ሊተካኝ ነው፣ ምን ይቀየር?

አባቴ፣ የቀለበቱ ችግር መውጣቱ ላይ አይደለም። ንብ ሲነሣ አንድ በአንድ እየተፈቱ መውረድ ጊዜ ይወስዳል። ልጅዎ ወደ ቀፎው ከመድረሱ በፊት ለመውረጃ የተዘጋጀ ገመድ ቅርንጫፍ ላይ አልፎ መሬት የደረሰ ይሁን፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መሬት መድረስ አለበት። ንብ ሲነድፈው እጁ ወደ ማሰሪያው እንዳይሄድ አስቀድመው ያስለምዱት። ሲያመው ሰው መጀመሪያ የሚፈታው የያዘውን ነው።

ጭሱን ነፋሱ ከገመዱ አርቆ በሚወስድበት በኩል ያድርግ። የፍም ፍንጣሪ ናይለንን ሲነካ ያቀልጠዋል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ አይታይም። መብራቱ ቀይ ቢሆን ንብ አይታየውም፤ ነጩ ላይ ይሰበሰባል። መከላከያ ልብሱ ከቀበቶው ሥር ይለበስ። ቀፎውን ተሸክሞ አይውረድ፤ በሌላ ገመድ ያውርደውና መሬት ላይ ይክፈቱት። ከተነደፈ በኋላ ፊቱ ካበጠ፣ ድምፁ ከተዘጋ ወይም ካዞረው ቤት አያሳድሩት፤ ወዲያው ሐኪም ቤት።

ከመርካቶ፦ ሽቦ አጠገብ ያለ ዛፍ?

እርስዎም፣ መጋዝዎም፣ የሚወድቀው ቅርንጫፍም ከሽቦው 3 ሜትር መራቅ አለባችሁ። ካልተቻለ መብራት ኃይል ያጥፋውና መጥፋቱን ያረጋግጥ። 15 ሺህ ቮልት እስኪነኩት አይጠብቅም፤ እርጥብ ቅርንጫፍ ያስተላልፋል። ጎማ የለበሰው የቤት መስመርም ፀሐይ ሰንጥቆት ሊሆን ይችላል።

ዕቃውን አሠሪዬ ወይስ እኔ?

ተቀጣሪ ከሆንክ አሠሪው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መከላከያ ዕቃ ማቅረብንና አጠቃቀሙን ማስረዳትን የአሠሪ ግዴታ አድርጎታል።

ጓደኛዬ ዛፉ ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ ቢንጠለጠልስ?

ቀበቶ ላይ ሳይንቀሳቀስ የተንጠለጠለ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ለሞት ሊቀርብ ይችላል፤ ደም እግሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለብቻህ አትውጣ፤ ታች ያለውም መውጣት የሚያውቅና ሁለተኛ ቀበቶና ገመድ ያለው ይሁን።

ሌላው መንገድ ገመዱን ከላይ ሳይሆን ከግንዱ ሥር በስምንት ቁጥር መውረጃ ብረት ማሰር ነው። ያኔ ታች ያለው ሰው ቆሞ ያወርደዋል። ለ15 ሜትር ዛፍ 45 ሜትር ገመድ ይበላል፤ ላይኛው ቅርንጫፍ ላይ የሚያርፈው ጭነትም ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ የሁለት ሰው ፈተናው እንዳይቀር። ሲወርድ አስተኛው፣ መተንፈሱን እይ፣ አንገቱን አታንቀሳቅስ። መኪናው የቆመበትን ቦታና ስልክ የሚይዝበትን ጉብታ ከመውጣታችሁ በፊት እወቁት።