የቆየ መኪና መለዋወጫ በካታሎግ ስትፈልግ ከዓመቱ ይልቅ የተሠራበትን ወር ያዝ

ሰላም ወንድሜ። «ከጃፓን የመጣችውን የ1989 (እ.ኤ.አ.) ኮሮላዬን የሻንሲ ቁጥር የኤሌክትሮኒክ መለዋወጫ ካታሎጉ አይቀበለኝም፤ በዓመቱ ስፈልግ ደግሞ ለአንድ ዕቃ አራት ቁጥር ይደረድርልኛል፤ የትኛውን ልመን?» ብለሃል። እኔም በዚሁ ነገር ብዙ ስለለፋሁ የደረሰብኝን ልንገርህ።

ቁጥሩን ያልተቀበለህ ባለ 17 አሃዝና ፊደል ስለሚጠብቅ ነው። ለጃፓን የአገር ውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ይህ የላቸውም፤ እንደ «ኤኢ91» ያለ መለያ፣ ከሰረዙ በኋላ ደግሞ ተከታታይ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። ገበያውን «ጃፓን» ብለህ ምረጥና ሁለቱን ለያይተህ አስገባ። ሌላ ገበያ ከመረጥክ የአንተን የሚመስል የሌላ መኪና ሥዕል ይከፍትልሃል፤ ይህ ምንም ካለማግኘት ይከፋል። ኮፈኑን ከፍተህ የመኪናዋን መለያ ሳህን ፎቶ አንሳ። የሞተሩና የካምቢዮው ዓይነት እዚያ ላይ ተጽፏል።

አራት ቁጥር ማምጣቱ ስህተት አይደለም። ፋብሪካው ዓመቱ እስኪያልቅ ሳይጠብቅ ዕቃ ይቀይራል። ከቁጥሩ ጎን «8705-8908» የሚል ካየህ ከሜይ 1987 እስከ ኦገስት 1989 ለተሠሩት ማለት ነው። እኔ ይህን ሳላይ በዓመቱ ብቻ ተማምኜ የፍሪሲዮን ዲስክ አዘዝኩ። ዕቃው ሲመጣ ካምቢዮው ወርዶ መሬት ላይ ነበር። አዲሱን በአሮጌው ላይ ብደርበው ዙሪያውን ስድስት ሚሊሜትር ተረፈ፤ አንዱ 200፣ ሌላው 212 ሚሊሜትር ነበር። ትክክለኛው ቁጥር እዚያው ካታሎግ ላይ፣ ካዘዝኩት አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ተጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠራችበትን ወር ሳላረጋግጥ ምንም አላዝዝም።

ሌላም የጠቀመኝ ነገር አለ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አሥር አሃዝ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 31250 የፍሪሲዮን ዲስክ ነው፤ 04465 የፊት ዲስክ ፍሬን ሸራ ነው። ይህን ካወቅክ ሻጭ የሚሰጥህን ቁጥር ገና ስታየው ትመዝነዋለህ። ቀኝና ግራ ሲባል ደግሞ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደፊት ሲያይ ነው እንጂ ከፊት ቆሞ መኪናዋን ሲያይ አይደለም።

«ምርቱ ቆሟል» የሚል ስታይ ተስፋ አትቁረጥ። መጀመሪያ የተተካበት አዲስ ቁጥር እንዳለ እይ። ከሌለ ቁጥሩን ይዘህ ተገላቢጦሹን ፈልግ፤ ዕቃው የትኞቹ ሌሎች ሞዴሎች ላይ እንደሚገባ ይነግርሃል። የእኔ የውሃ ፓምፕ የተገኘው ፈጽሞ ባላሰብኩት ሌላ ሞዴል ስም ነው። ኩሺኔታ ከሆነ ብዙ ጊዜ ካታሎግም አያስፈልግህም፤ ቀለበቱን ጠርገህ የተቀረጸውን አንብብ። 6203 ካለ፣ ማንም ይሥራው፣ የውስጡ ቀዳዳ 17፣ የውጭው ስፋት 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊሜትር ነው።

አሮጌውን ዕቃ ግን አዲሱ ገብቶ እስኪሠራ ድረስ አትጣለው። የሳህኗን ፎቶና የምትፈልጋቸውን ዕቃዎች እዚህ ጻፍልኝ፤ ካታሎጉ እጄ ላይ ስላለ ቁጥራቸውን ከነወራቸው አውጥቼ እልክልሃለሁ።