ክፍተቱን አይቼ ስህተቱን ያለፍሁበት ቀን፦ ለወጣት ፕሮግራመሮች

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ አንዷ ወደ ጠረጴዛዬ መጥታ፣ «ጋሼ፣ ኮዱ እኮ ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ። ታዲያ በቅንፍና በክፍተት ምክንያት ሥራዬ ለምን ይመለስብኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። በምንሠራው የድር መተግበሪያ ላይ ማንኛውም አዲስ ኮድ ከዋናው ጋር ከመቀላቀሉ በፊት በሊንተር (ስህተትንና የደንብ ጥሰትን በሚጠቁም መሣሪያ) እና በፎርማተር (የኮዱን አሰላለፍ በሚያስተካክል መሣሪያ) እንደሚፈተሽ ታውቃላችሁ፤ የእሷም ሥራ በዚያ ፍተሻ ወድቆ ነበር። በጊዜው የሰጠኋት መልስ «ደንቡ ነው» የሚል አጭርና ሰነፍ መልስ ነበር። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም፤ እውነተኛውን መልስ ለመስጠት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለማንም ያልነገርሁትን ነገር ማውጣት ነበረብኝና።

በዚያ ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የግል ድርጅት የወርሃዊ ክፍያ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንሠራ ነበር። አምስት ነበርን፤ በዕድሜም በልምድም ታላቁ እኔ ስለነበርሁ እኔ ሳላየው ወደ ሰርቨር የሚሄድ ኮድ አልነበረም። በዚህ ሥልጣኔ እኮራ እንደነበር አልደብቃችሁም። ከአምስታችን ሁለቱ መስመር ወደ ውስጥ ለማስገባት ታብ የሚባለውን ቁልፍ ይጠቀማሉ፣ ሦስታችን አራት ክፍተት እንጠቀማለን፤ በዚህ ጉዳይ የተከራከርንበት ሰዓት ቢደመር ሌላ መተግበሪያ ይወጣው ነበር። እኔ ደግሞ የሌሎቹን ኮድ በወረቀት አትሜ በቀይ እስክሪብቶ የማረም ልማድ ነበረኝ። በወረቀት ላይ የመስመሮች አሰላለፍ ከምንም ነገር በፊት ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ያኔ ይህን እንደ ጥቅም እቆጥረው ነበር።

ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ገና ስድስት ወር ያልሞላት አንዲት ልጅ አብራን ትሠራ ነበር። የተሰጣት ሥራ ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ በሚከፍል ደንበኛ ሒሳብ ላይ ቅጣት የሚጨምረውን ክፍል መጻፍ ነበር። መጀመሪያ የጻፈችው ትክክል ነበር፦ ደንበኛው ዘግይቶ እንደሆነ የሚጠይቅ ሁኔታ፣ ከሥሩም ቅጣቱን ከድምሩ ጋር የሚደምር አንድ መስመር። ፒኤችፒ ልክ እንደ ሲ እና እንደ ጃቫስክሪፕት፣ ከሁኔታው ሥር ያለው ትእዛዝ አንድ ብቻ ከሆነ ቅንፍ ስለማያስገድድ ቅንፍ አላደረገችበትም። እኔ አይቼው፣ «ቅጣት ሲጨመር ምክንያቱ ደረሰኙ ላይ ይጻፍ» አልኋት። እሷም በሁኔታው እና በመደመሪያው መስመር መካከል ምክንያቱን የሚመዘግብ አዲስ መስመር አስገባች። ስህተቱ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ቅንፍ በሌለበት ሁኔታው የሚገዛው ከሥሩ ያለውን የመጀመሪያውን ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ምክንያቱ ለዘገየ ደንበኛ ብቻ ይመዘገባል፣ ቅጣቱ ግን ለዘገየውም ላልዘገየውም ይደመራል።

አዲሱን መስመር በታብ፣ የቀድሞውን በክፍተት አስገብታው ስለነበር ወረቀቱ ላይ ሁለቱ አልተሰለፉም። እኔም በትክክል ያንን ቦታ አየሁት! በቀይ ከብቤ «እነዚህ ሁለት መስመሮች እኩል ይሁኑ» ብዬ ጻፍሁበት። እኩል አደረገቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱም በሁኔታው ሥር ያሉ መስለው ቁጭ አሉ፣ ስህተቱንም ማንም ሊያየው አልቻለም። ያ ወረቀት ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። በላዩ 34 አስተያየቶች አሉ፤ 31ዱ ስለ ክፍተት፣ ስለ ባዶ መስመርና የቅንፍ መክፈቻ የት ይቀመጥ ስለሚለው ነገር፣ ሦስቱ ስለ ስም አወጣጥ ናቸው። ኮዱ ምን እንደሚሠራ የሚጠይቅ አንድም የለም። ሁሉም ሲታረም በጣም ረክቼ ፈረምሁበት።

የሞከርነው በዘገየ ደንበኛ ሒሳብ ብቻ ነበር፤ ቅጣቱም በትክክል መጣ። በቀጣዩ ወር መጀመሪያ ግን ደንበኞች ከረፋዱ ጀምሮ ደረሰኛቸውን ይዘው መስኮቱ ላይ ተሰለፉ። በቀናቸው የከፈሉ ሰዎች ተቀጥተው ነበር፤ ከሁሉ የሚያሳፍረው ደግሞ በደረሰኛቸው ላይ የቅጣቱ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር። ከሰዓት በኋላ በተጠራው ስብሰባ ኃላፊው «ይህን ማን ነው የጻፈው?» ብለው ጠየቁ። ስሟን ተናገርሁ። ውሸት አልነበረም። «ማን ነው ያየው?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም ሳልጠየቅ አልመለስሁም። እሷ የእኔ ቀይ ቀለም ያለበትን ወረቀት ደብተሯ ውስጥ እንደያዘች ዝም ብላ ተቀምጣ ነበር። በሁለተኛው ወር ሥራውን ለቀቀች፤ ወረቀቱንም ጠረጴዛዬ ላይ ትታልኝ ሄደች።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014፣ አፕል በመሣሪያዎቹ ውስጥ የተገኘ ከባድ የደኅንነት ቀዳዳ መድፈኑን አሳወቀ። ከድር ጣቢያዎች ጋር የሚደረገውን የተመሰጠረ ግንኙነት በሚያረጋግጠው ኮድ ውስጥ «ጎቱ ፌይል» (ወደ ስህተት መውጫው ዝለል) የምትል መስመር ሁለት ጊዜ ተደጋግማ ተጽፋ ነበር። ቅንፍ አልነበረም፤ የመጀመሪያዋ በሁኔታው ሥር ነበረች፣ ሁለተኛዋ ግን በአሰላለፏ ከሥሩ ያለች ብትመስልም ሁልጊዜ ትፈጸም ነበር፤ በዚህም የተነሳ ቀሪው ማረጋገጫ ይታለፍ ነበር። ዜናውን ሳነብ የታየኝ የራሴ ቀይ ክብ ነው። እንዲህ ያለ ስህተት በታላላቆቹ ላይም ይደርሳል ብዬ ልጽናና ሞከርሁ፤ አልሆነልኝም።

እንዲህ ያለውን ነገር በማሽን ማስፈተሽ አዲስ ብልሃት አልነበረም። ስቲቨን ጆንሰን የተባለው ፕሮግራመር በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ፣ ሊንተሮች ስማቸውን የወሰዱበትን ሊንትን ለሲ ቋንቋ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ስሙም ከልብስ ላይ ከሚለቀም ብናኝ የተወሰደ ነው። ለፒኤችፒም ኮድስኒፈር የሚባለው መሣሪያ በዚያ ጊዜ ነበር፤ አውቀውም ነበር። ማሽን እንዴት የእኔን ሥራ ይሠራል ብዬ ናቅሁት። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ፒኤስአር 2 የሚባለው የፒኤችፒ አጻጻፍ ደንብ ቅንፍን ያለ ልዩነት ግዴታ ሲያደርግ እኛ በዚያ ጉዳይ ዋጋችንን ከፍለን ነበር።

እንግዲህ ለጠያቂዬ መልሴ ይህ ነው። ፎርማተር አሰላለፍን የሚወስነው እኛ ያሰብነውን ገምቶ አይደለም፤ የኮዱን እውነተኛ አወቃቀር አንብቦ ነው። የዚያች ልጅ ኮድ በጃቫስክሪፕት ተጽፎ ፕሪቲየር በሚባለው ፎርማተር ቢያልፍ ኖሮ፣ የመደመሪያውን መስመር ወደ ግራ አውጥቶ ከሁኔታው ውጭ ያስቀምጠው ነበር፤ ያኔ ማንም ያየዋል። ፕሪቲየር ግን የጎደለ ቅንፍ አይጨምርላችሁም። ያንን የሚጠይቀው ሊንተሩ ነው፤ ኢኤስሊንት በሚባለው የጃቫስክሪፕት ሊንተር ውስጥ ደንቡ «ከርሊ» ይባላል፣ «የሚመከሩ» ተብለው በአንድነት በሚበሩት ደንቦች ውስጥ ስለሌለም ራሳችሁ ካላበራችሁት አይሠራም። ሁለቱን አታምታቱ። የኢኤስሊንት ሰዎች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 የአሰላለፍ ደንቦችን ከዋናው መሣሪያ ለማስወጣት ወስነዋል። አንዳንድ ጊዜ ግን ድንበሩ ይደበዝዛል፤ በጃቫስክሪፕት እሴት መልስ ከሚለው «ሪተርን» በኋላ መስመር ሰብራችሁ እሴቱን ከታች ብትጽፉት ቋንቋው ራሱ የትእዛዝ መዝጊያ የሆነውን ሴሚኮለን ያስገባና ባዶ ይመልስላችኋል። በፓይተን ደግሞ አሰላለፉ ራሱ ትርጉም ነው።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ብራናው ተፍቆ ከተዘጋጀ በኋላ ጠርዙን በወስፌ እየወጉ ምልክት ያደርጉና ከምልክት እስከ ምልክት መስመሩን ያሰምራሉ፤ ቀለም የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው። ፊደል ለመጣል ሲቀመጡ የመስመሩ ጉዳይ አብቅቶ ስለነበር ሐሳባቸው ሁሉ በቃሉ ላይ ነበር። ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ እንዳየኋቸው! ነገሩ የገባኝ ግን ካረጀሁ በኋላ ነው።

መሣሪያዎቹ እንዴት እንደሚጫኑ አልነግራችሁም፤ ከእኔ የተሻለ ታውቁታላችሁ። የምትቸገሩት ሌላ ቦታ ይመስለኛል። እናንተ የሌላ ሰው የደንብ ፋይል ገልብጣችሁ፣ አንዱንም ሳታነቡ፣ ሥራ ትጀምራላችሁ፤ ከዚያ ሊንተሩ ሲጮህ ለምን እንደጮኸ ከመጠየቅ ይልቅ ዝም የሚያሰኘውን መስመር ከላዩ ትለጥፋላችሁ። ዝም ማሰኘት ነውር አይደለም፤ ምክንያቱን አጠገቡ ሳይጽፉ ዝም ማሰኘት ግን ምክንያት የሌለው ቅጣት እንዳለበት እንደዚያ ደረሰኝ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራኝ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የምታስጽፉት ኮድ ነው፤ ሲወለድ ጀምሮ የተሰለፈና የጸዳ ነው። እኔን ያታለለኝም የተሰለፈ ኮድ ነበር።

የስምን ትርጉም ደግሞ መሣሪያው አያይላችሁም። በዚያው ፕሮጀክት «ቀበሌ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል ሦስት ዓይነት ተጽፎ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጆሮው እንደሰማለት። በሦስቱ ላይ ሊንተር ምንም ቅሬታ የለውም። ሰው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከ34ቱ አስተያየቶቼ ዛሬም የማላፍርባቸው እነዚያ ሦስቱ ናቸው።

አሮጌ ፕሮጀክት ላይ ፎርማተር የምታስገቡ ከሆነ፣ ሙሉ አሰላለፉን ከሌላ ሥራ ጋር ሳትቀላቅሉ ለብቻው በአንድ ኮሚት (በአንድ ጊዜ በሚመዘገብ ለውጥ) አድርጉት። እኔ አንድ ጊዜ ከስህተት እርማት ጋር ደባልቄው፣ ከዚያ በኋላ የኮዱን የለውጥ ታሪክ በሚይዘው በጊት የማንኛውም መስመር ጸሐፊ እኔ ሆኜ ቀረሁ። ከ2.23 ቅጂ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ጊት የመስመር ጸሐፊን ሲፈልግ እንዲህ ያሉትን ኮሚቶች እንዲዘል በፋይል ዘርዝሮ መንገር ይቻላል።

የግል ምርጫን ለማሽኑ ተዉት እያልሁ የመስመር ርዝመት ከ80 ፊደል እንዳያልፍ ያደረግሁት እኔ እንደሆንሁ አትዘነጉም። ቁጥሩ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ካወጣው ባለ 80 ዓምድ፣ መረጃ በቀዳዳ ከሚመዘገብበት የወረቀት ካርድ የወረደ ነው፤ ሰፊ ስክሪን ባለበት ዘመን ምን ይሠራል ብትሉኝ አጥጋቢ መልስ የለኝም። የፕሪቲየርም መነሻ ልክ 80 ነው እላችኋለሁ፤ ባይሆንም ኖሮ የምለውጠው አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ ከመጨረሴ በፊት ለዚያች ልጅ ስልክ ደወልሁ። አሁን ልጅ አይደለችም፤ የራሷን ቡድን ትመራለች። ስለ ቀዩ ቀለምና ስለ 34ቱ አስተያየቶች ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር ሳቀች፤ አስተያየቶቹን ረስታቸዋለች፣ እንዲያውም ያኔ ሰው ኮዷን መስመር በመስመር አንብቦላት ስለማያውቅ ደስ ብሏት እንደነበር ነገረችኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና፣ «ስብሰባውን ግን አልረሳሁትም» አለችኝ።