በዘይት ክዳን ሥር የሚታይ ነጭ ቅባትና የሚጎድል የራዲያተር ውሃ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ የሚነዱት 1.6 ሊትር የቤንዚን ቶዮታ ኮሮላ በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ያህል የራዲያተር ውሃ ይጎድልበታል፤ ከመኪናው ሥር ግን የፈሰሰ ነገር አይታይም። የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ውስጡ ክሬም የመሰለ ነጣ ያለ ቅባት ይዟል። ከቤት እስከ ሥራ ያለው መንገድ አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ የሙቀት መርፌውም እስኪደርሱ ድረስ ከታች እምብዛም አይነሳም። አምና ሞተሩ ሞቆባቸው ቴርሞስታቱ፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚይዘው ቫልቭ፣ እንዲወጣ ተደርጓል። አሁን አንድ ጋራዥ «የቴስታታ ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል፣ ሞተሩ መከፈት አለበት» ብሏቸው ወጪው አስጨንቋቸዋል (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል ነው፤ ጓርኒሲዮኑ ደግሞ በእሱና ከሥሩ ባለው የሞተር አካል መካከል ያለው ማሸጊያ)።

ውድ ጠያቂ፣ ቴስታታው እንዲነሳ ገና አይፍቀዱ። ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን እስካሁን ከነገሩኝ ውስጥ ይህን የሚያረጋግጥ አንድም ነገር የለም። የክዳኑ ቅባትና የውሃው መጉደል አብረው ስለታዩ ብቻ ምክንያታቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም። በእኔ ግምት እርስዎ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉብዎ፣ ሁለቱም ሞተር ሳይከፈት የሚፈቱ ናቸው።

ከቅባቱ እንጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይፈጠራል። አብዛኛው በማርሚታው ይወጣል፤ ጠዋት ጠዋት ከጭስ ማውጫው የሚንጠባጠበው ውሃ ይኸው ነው። ጥቂቱ ግን በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ሾልኮ ወደ ዘይቱ ክፍል ይወርዳል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በቂ ጊዜ ከሠራ እንፋሎቱ በፒሲቪ ቫልቩ፣ ማለትም የዘይቱን ክፍል በሚያናፍሰው ትንሽ ቫልቭ በኩል ተስቦ ይወጣል። ሞተሩ ሳይሞቅ ከጠፋ ግን ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ ከሁሉ ቀዝቃዛው ቦታ ደግሞ ከላይ ያለው የዘይት ክዳን ነው። እዚያ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ያዩትን ክሬም ይሠራል። ክረምት ላይ ይህ ይብሳል።

የእርስዎን መኪና ለዚህ ያጋለጠው ከሁሉ በላይ የቴርሞስታቱ መውጣት ይመስለኛል። ሞተር ሞቀ ሲባል ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል በብዙ ጋራዦች የተለመደ ሆኗል፤ ይህ ልማድ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሞቀበት ምክንያት ሳይታወቅ ሞተሩ ዕድሜ ልኩን ቀዝቅዞ እንዲሠራ ይፈረድበታል። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል፣ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ውስጥ እርጥበት ይከማቻል። የአሥር ደቂቃ መንገድ ሲጨመርበት ክዳኑ ላይ ክሬም ባይኖር ነበር የሚገርመኝ።

ዋናው ማስረጃ ክዳኑ ሳይሆን ዘይቱ ራሱ ነው። መኪናው አድሮ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የዘይት መለኪያ ዘንጉን አውጥተው በነጭ ጨርቅ ይጥረጉት። ጨርቁ ላይ የቀረው ጥርት ያለ ቡናማ ወይም ጥቁር ዘይት ከሆነና ከፍታውም ካልጨመረ መልካም ነው። ወተት እንደገባበት ቡና ከመሰለ፣ ወይም ሳይጨመርበት ከላይኛው ምልክት አልፎ ከወጣ፣ ውሃ በብዛት እየገባ ነው፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩን ማስነሳት ያቁሙ። ጥርጣሬ ካለዎ መኪናው ባደረበት የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ማፍሰሻ ቡሎን በቀስታ ይላላ፤ ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው።

አሁን ወደሚጎድለው ውሃ እንምጣ። መጀመሪያ የምጠረጥረው የራዲያተሩን ክዳን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ሞተሩ በደህናው ጊዜ የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ በብዙ መኪኖች ፋኑ የሚነሳውም 93 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲደርስ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፤ 1.1 የተጻፈበት ደህና ክዳን በዚህ ከፍታ የውሃውን መፍያ ከ115 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ስለሚለቅ፣ መንገድ ተዘግቶ ሲቆሙ ወይም ሞተሩን እንዳጠፉ ውሃው ፋኑን ሳይጠብቅ ይፈላና በእንፋሎት ይጠፋል፤ መሬት ላይ አንዲት ጠብታ አያዩም። ባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ ለረጅም ጊዜ የማያስቸግር ክዳን እዚህ በቶሎ የሚያጋልጠው ለዚህ ነው። ሞተሩ ፍጹም ሲቀዘቅዝ ብቻ ክዳኑን ከፍተው ጎማውን ይመልከቱ፤ በሙቅ ሞተር ላይ መክፈት ፊትና እጅ ያቃጥላል። አዲስ ሲገዙ በላዩ የተጻፈው ቁጥር ከመኪናው ጋር የሚስማማ መሆኑን ያረጋግጡ።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ቀጣዩ የውሃ ፓምፑ ነው። ከፓምፑ አካል በታች በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ የውስጡ ማሸጊያ ሲያልቅ ውሃው በእሷ ይንጠባጠባል፣ የሞቀው ብረት ላይ ስለሚደርቅም መሬት አይደርስም። በባትሪ መብራት ሲታይ ግን ከቀዳዳዋ በታች የደረቀ ነጭ ወይም የዝገት መስመር ይቀራል። ከዚያ የጎማ ቱቦዎቹን መጋጠሚያና የራዲያተሩን ጠርዝ ይዩ። ክሩስኮቱ ሥር ያለው የማሞቂያ ራዲያተር ካፈሰሰ ደግሞ የፊት ምንጣፉ ይረጥባል፣ መስታወቱም ያለ ምክንያት ጉም ይለብሳል።

ይህን ሁሉ በግምት ከመፈለግ አንድ ፍተሻ ያስደርጉ። የግፊት መለኪያ መርፌ ያለው የእጅ ፓምፕ በራዲያተሩ አፍ ላይ ታስሮ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ ግፊት ይሰጠውና ለሩብ ሰዓት ይጠበቃል። መርፌው ካልወረደ ሲስተሙ ደህና ነው፤ ክዳኑም ለብቻው በዚሁ መሣሪያ ይፈተሻል። መርፌው እየወረደ ውጭ ምንም ካልታየ፣ ያኔ ነው ስለ ጓርኒሲዮን መነጋገር የምንጀምረው። ካንዴላዎቹ በሙሉ ወጥተው ሞተሩ በማስነሻው ሲዞር ከአንዱ ቀዳዳ የውሃ ብናኝ ከተረጨ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መፈተሻም አለ፤ የራዲያተሩን አየር ይስባል፣ የቃጠሎ ጋዝ ካገኘ ወደ ቢጫ ይለወጣል። ያደረ ሞተር በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ መጠንከሩ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ መኖሩ፣ የሁለት ጎረቤት ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጠረው ግፊት) አብሮ መውረዱ ተመሳሳይ ምስክሮች ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ ሁለቱን ሳያሳይዎ ሞተር ልክፈት የሚልን ባለሙያ አመስግነው ወደ ሌላ ይሂዱ።

ፍተሻው ደህና ከሆነ፣ ለሞዴሉ የተሠራ ቴርሞስታት ይመለስ፣ ፒሲቪ ቫልቩ ይጸዳ ወይም ይቀየር፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይለወጥ። የቧንቧ ውሃ መጨመሩን ግን ያቁሙ። አዲስ አበባ ውሃ የሚያግት ብርድ ስለሌለ ኩላንት (ከራዲያተር ውሃ ጋር የሚደባለቀው ፈሳሽ) አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ ኩላንት እዚህ የሚፈለገው አልሙኒየሙን ከመበላት፣ ፓምፑን ከዝገት ለመጠበቅ ነው። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ይበቃል። ጣዕሙ ጣፋጭ፣ ውስጡ ግን መርዝ ስለሆነ ከልጆችና ከቤት እንስሳት ይራቅ። ፍሳሽ ይደፍናል እየተባለ የሚሸጠውን ዱቄት አይጨምሩ፤ የማሞቂያውንና የራዲያተሩን ቀጭን ቱቦዎች አብሮ ይደፍናል።

በሳምንት አንድ ሁለት ቀን መኪናውን ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጡ ይንዱት፣ ክዳኑን ጠርገው ይመልሱ፣ የመጠባበቂያ ዕቃው ላይም ጠዋት በቀዝቃዛው የውሃውን ልክ በማርከር ያስምሩ። ከወር በኋላ ውሃው ከመስመሩ ካልወረደ ጉዳዩ አልቋል። ከወረደና ቴስታታው በማስረጃ መነሳት ካለበት፣ ጓርኒሲዮን ብቻ ቀይሮ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ቴስታታው ማሽን ቤት ሄዶ ቀጥታው ይለካ። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ የተለካውን ቁጥር በወረቀት ተጽፎ እንዲሰጥዎ ከሥራው በፊት ይስማሙ።