ጨጎጊት የወረሰው ድመት

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች በሙሉ ስለ ሜይን ኩን ናቸው። ይህ ትልቅ ፀጉራም ድመት ከተማው ዳር መግባት ጀምሯል መሰለኝ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ድመቴ ግቢ ዞሮ ሲገባ ጅራቱ በጨጎጊት ተሞልቶ ነው። ብብቱ ሥር ያለው ፀጉር ደግሞ ተድበልብሎ ቋጠሮ ሆኗል። በመቀስ ልቁረጠው?

መልስ፦ መቀሱን ያስቀምጡት! የድመት ቆዳ ስስ ነው። ቋጠሮውን ሲስቡት አብሮ ይነሳል፤ ፀጉር ቆረጥኩ ብለው ቆዳ ይቆርጣሉ። ጨጎጊቱን በጣትዎ አንድ በአንድ ይልቀሙ። ቋጠሮውን ከሥሩ በሁለት ጣት ያዝ አድርገው፣ ጥርሱ ሰፋ ባለ የብረት ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምረው ወደ ሥር እየተጠጉ ይፍቱት። የሴት ልጅ ፀጉር ሲፈታ እንደሚደረገው ማለት ነው። ሳይፈቱ እንዳያጥቡት፤ ውሃ ቋጠሮውን ይብሱን ያጠብቀዋል። ቆዳው ላይ ከተጣበቀ ሐኪም በማሽን ይላጨው። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ማበጠር ነው። ሰው ጀርባውን ብቻ አበጥሮ ይነሳል፤ ቋጠሮ የሚጀምረው ግን ከጆሮ ጀርባ፣ ከብብትና ከኋላ እግሮቹ መካከል ነው።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ እንጀራ በሽሮ ይወዳል። ጾም ላይ እሱን ብንሰጠው ምን አለበት?

መልስ፦ እናንተ ጹሙ፤ እሱን ተዉት። ድመት ሥጋ በል ነው። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያገኘው ከሥጋ ነው፤ ሲጎድለው ዓይኑም ልቡም ይጎዳል። ሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል። ዋናው ቀለቡ የተሟላ የድመት ምግብ ይሁን፤ የተቀቀለ ዶሮ ጣል ቢያደርጉለት አይጠላም።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ ሁለት ዓመት ሞልቶት 7 ኪሎ ገባ፤ አሁንም ያድጋል። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ አይደለም። ወንዱ 8 ኪሎ ቢደርስ አይገርምም፤ እስከ 3 ዓመት፣ አንዳንዱም እስከ 5 ያድጋል። ይልቅ ልቡን ያስመርምሩ። የልብ ጡንቻ መወፈር በዘሩ የሚወረስ ችግር ነው።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ ሌሊት ውጭ ቢያድር ብርዱ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ብርዱስ ግድ የለም፤ ፀጉሩ የአሜሪካዋን የሜይን ክረምት የለመደ ነው። ግን ጅብ አለ፣ የሚዞር ውሻ አለ፣ መርዝ የበላ አይጥ አለ። ማታ ያስገቡት። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱም አይለፈው።