የጦር ሰፈር ሲዘጋ ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ስለተዘጉ የጦር ሰፈሮች ለጠየቃችሁኝ በየተራ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የሚዘጉት ገንዘብ ለመቆጠብ ከሆነ ወጪው ከየት መጣ?

መልስ፦ ሰፈሩ ሲዘጋ ወታደሩ አይበተንም። ወደ ሌላ ሰፈር ይዛወራል፣ እዚያም ቢሮ፣ ሆስፒታልና ማሠልጠኛ ይገነባለታል። ብዙ ሰፈሮች በአንድነት እንዲዘጉ በተወሰነበት የ2005ቱ ዙር 21 ቢሊዮን ዶላር ይበቃል ተብሎ የታቀደው ወጪ ወደ 35 ቢሊዮን አሻቀበ። በ20 ዓመት ይገኛል የተባለው የተጣራ ቁጠባም ከ35.6 ቢሊዮን ወደ 9.9 ቢሊዮን ወረደ።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ መዝጋቱ ኪሳራ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከ1988 እስከ 1995 የተካሄዱት አራት ዙሮች ትርፍ ይዞታን ለመቀነስ የታሰቡ ነበሩ። የ2005ቱ ግን ሠራዊቱን እንደ አዲስ ማደራጀትን ጨመረበት። የዚያን ሂሳብ በመዝጋት ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የተበከለውን መሬት የሚያጸዳው ማን ነው?

መልስ፦ በሕጉ የፌዴራል መንግሥት። ችግሩ ጊዜው ነው። ነዳጅና የብረት ማጠቢያ ኬሚካል አፈር ውስጥ ሰርገው ከርሰ ምድር ውሃ ይደርሳሉ፤ እሳት ማጥፊያው አረፋ ደግሞ ጨርሶ የማይበሰብስ ኬሚካል ትቶ ይሄዳል። በ1994 በተዘጋው የካሊፎርኒያው ፎርት ኦርድ፣ ከተኩስ ልምምድ የቀሩ ያልፈነዱ ተተኳሾች ቁጥቋጦው ሥር ተቀብረው ስለነበር፣ በማግስቱ ዓመት ዩኒቨርሲቲ በተከፈተበት ይዞታ ሌላው ክፍል ለዓመታት ታጥሮ ቆየ። የሳን ፍራንሲስኮው ሀንተርስ ፖይንት የባሰ ነው። ይህ የባሕር ኃይል መርከብ ማደሻ በ1974 ተዘግቶ ጽዳቱ እስካሁን አላለቀም። ጨረር ያለበት አፈር በመመርመር ላይ የነበሩ ሁለት ተቆጣጣሪዎች ናሙና በማጭበርበር በ2018 እስራት ተፈርዶባቸዋል። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ነዋሪ «ንጹህ ነው» የሚለውን ወረቀት ባያምን ማን ይፈርድበታል?

ጥያቄ፦ መሬቱ በነጻ ይሰጣል?

መልስ፦ ለፓርክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለአየር ማረፊያ ከሆነ፣ አዎ፣ ሊሰጥ ይችላል። መንገዱን፣ የውሃና የፍሳሽ መስመሩን ማደስ ግን የተረካቢው ዕዳ ነው። አሮጌው መስመር በከተማው ደረጃ ስላልተሠራ ብዙውን ጊዜ ተነቅሎ እንደገና ይዘረጋል።

ጥያቄ፦ የተሳካለት አለ?

መልስ፦ የኦስቲን ከተማ የበርግስትሮምን የአየር ኃይል ሰፈር በ1999 የመንገደኞች አየር ማረፊያ አድርጋ ከፈተች፤ ማኮብኮቢያው አስቀድሞ መኖሩ ጠቅሟታል። የቀድሞው የሳን ፍራንሲስኮ ጦር ሰፈር ፕሬሲዲዮም ሕንፃዎቹን እያከራየ ከ2013 ጀምሮ ከመንግሥት ዓመታዊ በጀት ተላቋል።

ጥያቄ፦ ከተማችን ሰፈር ልትረከብ ብትሆን ምን እናስቀድም?

መልስ፦ የከርሰ ምድር ውሃ ምርመራውን ውጤት ጠይቁ። ከዚያም ከርክክብ በኋላ ለሚገኝ ብክለት ተጠያቂው ማን እንደሆነ በውሉ ላይ በስም ይጻፍ።