ስለ ፍሬን ጠይቁ፦ አባ ሙቀት ይመልሳል

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ ተራው የእኔ ነው። ርዕሳችን ፈጣን መኪና ላይ የሚገጠም የፍሬን ሸራና ዲስክ ነው፤ አመራረጡና አያያዙ። ለማታውቁኝ፣ ውሎዬ ቨርጂኒያ ጋራዥ ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ ዌስት ቨርጂኒያ፣ ሰሚት ፖይንት ትራክ ላይ አታጡኝም። ሁሉን ነገር ከሙቀት ጋር ታያይዛለህ ብላችሁ ያወጣችሁልኝን ስም ተቀብያለሁ።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ጻፉ። የመኪናው ዓይነትና ዓመተ ምሕረት (በፈረንጅ)፣ ጎማው፣ የት እንደምትነዱት። ይህን ያልጻፈ መልስ ባያገኝ አይቀየመኝ። ደግሞም ሸራ ከመግዛታችሁ በፊት የፍሬን ዘይታችሁን ቀይሩ። እስኪሰለቻችሁ ድረስ እደግመዋለሁ።

ናቲ፦ ጋሼ ምርጥ ሸራ የቱ ነው?

አባ ሙቀት፦ ለምን መኪና? ለየት? ከላይ ያለውን አንብብና ተመለስ።

የአሌክሳንድሪያው፦ ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ኤስ ቲ አይ፣ 2016። ከፋብሪካ የመጣው ባለ አራት ፒስተን ብሬምቦ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው) ነው ፊት ላይ። ጎማዬ 200 ትሬድዌር (ለስላሳ፣ አስፋልት በደንብ የሚይዝ)። ሰሚት ፖይንት ላይ አራት አምስት ዙር እንደነዳሁ፣ ከረጅሙ ቀጥታ መጨረሻ አንደኛው ኩርባ ላይ ፍሬን እምቢ አለኝ። ትልቅ ካሊፐር ልግዛ ይሆን?

አባ ሙቀት፦ ተባረክ፣ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። ግን ፍሬን እምቢ የሚለው በሁለት መንገድ ነው፤ የትኛው እንደሆነ እግርህ ያውቃል። ፔዳሉ ጠንክሮ፣ አንተ እየረገጥክ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ከአቅሙ በላይ ግሏል። ፔዳሉ ለስልሶ ወለል ድረስ ከገባ ዘይቱ ፈልቷል። የትኛው ነበር?

የአሌክሳንድሪያው፦ ወለል ነካ። ሁለት ሦስቴ ቶሎ ቶሎ ስረግጠው ተመለሰ።

አባ ሙቀት፦ ካሊፐርህ ምንም አልሆነም። ገንዘብህን ኪስህ መልስ። የፈላው ዘይትህ ነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። መኪናው ቆሞም ቢሆን ይስባል። ዶት የዘይቱ ደረጃ ነው፤ ዶት 4 አዲስ ሳለ ደረጃው የሚጠይቀው ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንዳይፈላ ነው። 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠየቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከ205 ወደ 140 ይወርዳል፣ ዶት 5.1 ከ260 ወደ 180። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል። እግርህ ሸራውን መግፋቱን ትቶ እንፋሎት ሲጨምቅ ይውላል። ደጋግመህ ስትረግጥ የተመለሰው ለዚህ ነው።

ለትራክ የሚሸጡ ዘይቶች አሉ፤ አዲስ ሳሉ ከ300 ዲግሪ በላይ ይችላሉ። እሱን ሙላ፣ በአራቱም ጎማ አየሩን አስወጣ። ትራክ የምትገባ ከሆነ ቢያንስ በዓመት ቀይር። ለመንገድ ብቻ ከሆነ በሁለት ዓመት። ዶት 5 ብሎ ሲሊኮን የሚያመጣላችሁ ካለ መልሱለት፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም።

አሁን ወደ ሸራው። ሸራ የሚመረጠው በሙቀት ነው። የመንገድ ሸራ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጀምሮ ይይዛል፤ 400 ዲግሪን አለፍ ሲል መልቀቅ ይጀምራል። የውድድር ሸራ 600 እና 700ን ይችላል። ግን ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፣ ዲስክ ይበላል፣ ከሁሉም በላይ የመጀመሪያው መብራት ላይ የጠበቅከውን ያህል አይዝልህም። ለሁሉም የሚሆን የሚባል ሸራ የለም። በአንተ መኪና ደግሞ መቀየር ቀላል ነው። ጎማውን ፈትተህ ሁለቱን ፒን ማውጣት፣ የሚይዛቸውን ቅጠል ብረት ማንሳት፣ ሸራውን መሳብ። ካሊፐሩ አይወርድም። ሁለት ስብስብ ያዝ፤ አንድ ለሥራ መሄጃ፣ አንድ ለትራክ።

ሙቀቱን በግምት አታውራ። የሙቀት ቀለም ይሸጣል። የዲስኩ ጠርዝ ላይ ሦስት ነጥብ ትቀባለህ። አረንጓዴው 430፣ ብርቱካንማው 560፣ ቀዩ 610 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ቀለሙን ይለውጣል። ከዙር ስትመለስ የተለወጠውን አይተህ ሸራ ትገዛለህ።

ሚኪ፦ ብሮ ሴራሚክ አሪፍ ነው ይላሉ። እውነት ነው?

አባ ሙቀት፦ ሴራሚክ ምኑ? ሸራው ነው ዲስኩ? የሴራሚክ ሸራ ጸጥ ያለ፣ አቧራው ትንሽ የሆነ የመንገድ ሸራ ነው። የካርቦን ሴራሚክ ዲስክ ሌላ ዓለም ነው፤ ዋጋውን ስታይ ትቀመጣለህ። መኪናህንም አልጻፍክም።

ቢላል ከዱባይ፦ ዶጅ ቻርጀር 2019፣ የመንገድ ጎማ። አልፎ አልፎ ዱባይ አውቶድሮም፣ ብዙ ጊዜ የጀበል ሃፊት ተራራ ቁልቁለት። ቀዳዳ ያለው ዲስክ ልግዛ?

አባ ሙቀት፦ ለዓይን ከሆነ ግዛ።

ሐና፦ ጋሼ ይቅርታ፣ እንዲህ ብሎ መዝጋት አይሆንም። ፖርሼ ከፋብሪካው ቀዳዳ ያለው ዲስክ ያስገባል። ለዓይን ነው?

አባ ሙቀት፦ እህቴ፣ ዝናብ ላይ ውሃውን ቶሎ ያስወጣል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ይህን አልክድም። ግን ሙቀት የሚሸከመው ብረቱ ነው። ብረት ቀንሰህ ሙቀት ቻል ማለት አይሆንም። ትራክ የሚገቡ ፖርሼዎችን ዲስክ ጠጋ ብለሽ እዪ። ከቀዳዳው ዙሪያ ፀጉር የመሰሉ ስንጥቆች ይነሳሉ። ስንጥቁ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ከተገናኘ ወይም ጠርዝ ከነካ ዲስኩ ይጣላል።

ሐና፦ በቀዳዳው የሚያልፈው አየር ማቀዝቀዙስ? ስንጥቅ ሁሉ ሙሉ (ቀዳዳ የሌለው) ዲስክ ላይም ይነሳል እኮ።

አባ ሙቀት፦ ይነሳል። ግን ቆይቶ። ማቀዝቀዙን የሚሠራው በሁለቱ ገጽ መካከል ያለው ክንፍ ነው እንጂ ቀዳዳው አይደለም። ከመሃል አየር ይስባል፣ በጠርዝ ይተፋል። ለቢላል ሙሉ ዲስክ ወይም ጭረት ያለው ይበቃዋል። ሙቅ አገር ነህ፤ ዘይትህን ቀይር።

ሚኪ፦ ፖርሼ ያለው ሰው ዲስክ መግዛት ምን ገዶት 😂

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አሮጌ ፖርሼ ካይማን በስንት ይገኛል ግን አሁን?

አባ ሙቀት፦ የመኪና ገበያ ሌላ ቦታ።

ሰናይት፦ ቢኤምደብልዩ ኤም 3፣ 2011። ጥሩ የመንገድ ጎማ። በዓመት ሁለት ሦስቴ ትራክ። ዲስኬ ተጣመመ፤ ፍሬን ስይዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። አዲስ ልግዛ?

አባ ሙቀት፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሰናይት፣ ዲስክሽ አልተጣመመም። ማለቴ፣ መቶ ሰው ዲስኬ ተጣመመ ብሎ ሲመጣ አብዛኛው አልተጣመመም።

የሆነው እንዲህ ነው። ሸራ ሲሠራ ቀጭን ሽፋን ከራሱ ላይ ዲስኩ ላይ ይተዋል። ጥሩ ፍሬን የሚይዘው ሸራ ከዚያ ሽፋን ጋር ሲፋተግ ነው። አሁን አስቢ፣ ከትራክ በጋለ ፍሬን ወጣሽ፣ ማቆሚያው ጋ ደርሰሽ ፔዳሉን ረግጠሽ ቆምሽ። ሸራው አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ ቆየ። እዚያ ቦታ ሽፋኑ ወፍራም ሆነ። ከዚያ በኋላ በዞረ ቁጥር ያ ቦታ የበለጠ ይይዛል፣ የበለጠ ይግላል። ሙቀቱ ከ650 ዲግሪ ሲያልፍ እዚያ ያለው ብረት ራሱ ይለወጣል፤ ሲሜንታይት የሚባል ጠንካራ ነገር ይሆናል። ያኔ ቶርኖም አያድነውም፤ ጠንካራው ቦታ በጥልቀት ስለገባ ከትንሽ ጊዜ በኋላ መንቀጥቀጡ ይመለሳል።

ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት ሸራውን ከዲስኩ ጋር በትክክል አላምጂው። ባዶና የሚፈቀድ መንገድ ፈልጊ። ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 20 ጠንከር አድርገሽ ያዢ፤ ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከለው) እስኪነቃ አይደለም። ሙሉ በሙሉ አትቁሚ። ወዲያው ፍጥነት ጨምሪና ድገሚ፤ ስምንት፣ አሥር ጊዜ። ይሸታል፣ ትንሽ ጭስም ልታዪ ትችያለሽ። ከዚያ ፍሬን ሳትነኪ አሥር ደቂቃ ንጂ፣ ይቀዝቅዝ። የሸራው አምራች የራሱ መመሪያ ካለው የእሱን ተከተይ። ዲስኩ ላይ ወጥ የሆነ ሰማያዊ ግራጫ ቀለም ካየሽ ተሳክቷል። ነጠብጣብ ካየሽ ገና ነው።

ይህም ካልሠራ ዲስኩን አውጥተሽ የሚቀመጥበትን ገጽ እዪ። እዚያ ያለች ትንሽ ዝገት ዲስኩን ታዛባዋለች። ሲዞር ወደ ጎን የሚለው ከ0.05 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። በሽቦ ብሩሽ ፈትጊው።

መካኒኩ ከሜክሲኮ፦ ጋሼ እኛ አዲስ አበባ ቶርኖ እናስገባዋለን፣ ያልቅለታል። አዲስ ዲስክ ማን ይገዛል በዚህ ዋጋ?

አባ ሙቀት፦ ቶርኖ ክፉ አይደለም። ግን ዲስኩ ላይ የተጻፈውን አነስተኛ ውፍረት አንብብ፤ ጠርዙ ላይ ወይም መሃሉ ላይ በሚሊ ሜትር ታትሟል። ከዚያ በታች የቆረጥከው ዲስክ ሙቀት የሚሸከምበት ብረት የለውም።

ያሬድ ከቦሌ፦ እዚህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በእኛ አቆጣጠር በ2016 ተከልክሏል እኮ። የኤሌክትሪክ መኪና ሸራ አይጨርስም፣ ሁላችሁም ግቡበት።

መካኒኩ ከሜክሲኮ፦ አይጨርስም፣ ይዝጋል እንጂ። ሞተሩ ራሱ ስለሚይዝ ዲስኩ ሥራ ይፈታል።

ሐና፦ ትክክል። በተለይ የኋላው።

ያሬድ ከቦሌ፦ ቻርጅ ማድረጊያ ቢኖር ደግሞ...

አባ ሙቀት፦ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ዛሬ አላወራም። ቀጣይ።

ናቲ፦ ምርጥ ሸራ ብዬ ጠይቄ ነበር?

አባ ሙቀት፦ አሁንም መኪናህን አላውቅም።

ዮኒ ከአዲስ አበባ፦ ጎልፍ ጂቲአይ 2015፣ የመንገድ ጎማ። በጎሃ ጽዮን በኩል አባይ በረሃ ስወርድ ፍሬኑ ሸተተኝ፣ ፔዳሉም ከበደኝ። የውድድር ሸራ ላስመጣ? ሶማሌ ተራ ‹ኦሪጅናል› እያሉ የሚሸጡትስ ይታመናል?

አባ ሙቀት፦ የውድድር ሸራ አታስመጣ። የሚያስፈልግህ ማርሽ ነው።

ሒሳቡን እናድርግ። 1,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ 14.7 ሜጋ ጁል ጉልበት ይለቃል። ከ100 ኪሎ ሜትር በሰዓት አንዴ ማቆም 0.58 ነው። የአባይ ቁልቁለት ከ1,000 ሜትር ይበልጣል። ሁሉን በፍሬን ልያዝ ካልክ ከ25 ጊዜ በላይ ከ100 ወደ ዜሮ እንዳቆምክ ነው፤ ያውም በቀስታ እየሄድክ፣ የሚያቀዘቅዝ ንፋስ ሳይኖር። ማርሹን በእጅ አድርገው፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ላይ ሞተሩ ይያዘው። ፍሬን ስትይዝ ጠንከር አድርገህ ያዝ፣ ከዚያ ልቀቅ። እግርህን አስደግፈህ አትውረድ።

ሽታና ከባድ ፔዳል የሸራ መጋል ነው። ሌላም አለ። ፔዳሉን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። እዚያ ከፍታ ላይ ሰርቮው የሚያግዝህ ትንሽ ነው፣ አየሩም ስለሚሳሳ በደንብ አያቀዘቅዝም። ዘይትህስ መቼ ተቀየረ?

ስለ ኦሪጅናሉ፣ የሸራው ጠርዝ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት የፈረንጅ ፊደል ታገኛለህ፤ የመጀመሪያው ሲቀዘቅዝ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ያለውን አያያዝ ይናገራል። በፍትጊያ ቁጥር ‹ኤፍ› ከ0.35 እስከ 0.45፣ ‹ጂ› ከ0.45 እስከ 0.55 ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው የወረደ ከሆነ ለቁልቁለት አትውሰደው። ግን ፈተናው 350 ዲግሪ አይደርስም፤ ስለ ትራክ ምንም አይነግርህም። ፊደሉንም ማንም ሊያትመው ይችላል። ጥቅሉ የተከፈተ፣ ጽሑፉ የተወላገደ ከሆነ እለፈው።

ዮኒ ከአዲስ አበባ፦ ዘይቱ... መኪናውን ከገዛሁ አልነካሁትም።

አባ ሙቀት፦ ዛሬ ቀይረው። ነገ አይደለም።

የፍራንክፈርቱ፦ ኑርበርግሪንግ ትራክ ለመሄድ የውድድር ሸራ ገጥሜ ከቤት በመኪናው ብሄድ?

አባ ሙቀት፦ ጀርመን የኢሲኢ አር 90 (የመለዋወጫ ሸራ ፈቃድ ደንብ) ምልክት ወይም ሌላ ፈቃድ የሌለው ሸራ መንገድ ላይ አይፈቀድም። ዝርዝሩን እዚያው የመኪና ምርመራ ጠይቅ። ኖርድሽላይፈ፣ የኑርበርግሪንግ ረጅሙ ትራክ፣ 20.8 ኪሎ ሜትር ነው፤ አንዱን ዙር ሳትጨርስ ያረጀ ዘይት ሊፈላ ይችላል።

ዮኒ ከአዲስ አበባ፦ አንድ ብቻ። የኋላውን ሸራ እኔ ራሴ መቀየር እችላለሁ?

አባ ሙቀት፦ የአንተ ዓይነቱ ጎልፍ የእጅ ፍሬን ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ ነው። ፒስተኑን በጉልበት ከገፋኸው የእጅ ፍሬኑን ትንሽ ሞተር ትሰብራለህ። መጀመሪያ በኮምፒውተር ለጥገና ክፈተው፣ ስትጨርስ ዝጋው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸውን ፒኖች አጽዳ፤ ተራ ግራሶ የፒኑን የጎማ መሸፈኛ ስለሚያሳብጠው ለፍሬን የተሠራውን ተጠቀም። ሸራው ላይና ዲስኩ ላይ እጅህን አታሳርፍ። የጎማውን ቡሎን 120 ኒውተን ሜትር አጥብቅ፤ በእግር ቆመህበት አይደለም፣ በመለኪያ ቁልፍ። 50 ኪሎ ሜትር ነድተህ ድገመው።

ናቲ፦ ጋሼ፣ ቶዮታ ጂ አር 86፣ 2022። የመጣበት ጎማ። ሥራ መሄጃ፣ ትራክ ገና ልጀምር ነው።

አባ ሙቀት፦ ይኸው፣ መኪና አገኘን። ያለህን ሸራ አትቀይር። ውፍረቱ ከግማሽ በላይ ከሆነ ዘይቱን ብቻ ቀይረህ ግባ። ከዙር ስትወጣ አንድ ዙር ቀስ ብለህ አቀዝቅዝ፣ ስታቆም የእጅ ፍሬን አትሳብ፤ ማርሽ ውስጥ አስገብተህ ጎማው ሥር ድንጋይ አድርግ። ሸራው ሲያልቅ የሙቀት ቀለሙን ይዘህ ና። እኔ አሁን ልተኛ፣ የቀረው ነገ ማታ።